የቤተ ዘመድ መሰብሰቢያ ክፍልና ወጥ ቤት ለጤና ተስማሚ ሆነው እንዲሠሩ

አገራችን እንግዳን በመቀበል የታወቀች ናት። በቀድሞው ዘመን ወደ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ከባለቤቶቹ ጋራ «ቤት ለእንቦሳ»፤ «እንቦሳ እሰሩ» ተባብሎ ነበር የሚቀመጠው። እንቦሳ አዲስ የተወለደ ጥጃ እንደ መሆኑ መጠን፣ የምርቃቱ ፍሬ ነገር ቤታችሁ ከብት የሚራባበት፣ ወተት የማይነጥፍበት ይሁን ማለት ነው። ጥጃ ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ማደሩ ለጤና እንደማይበጅ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ምርቃቱ ግን አልተሻረም። ቤት የሚሠራውም የሚታደሰውም ሕይወት እንዲበረክትበት ነውና። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመለከተው፣ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት ክፍልና ምግቡ የሚሰናዳበት ወጥ ቤት ይህን ምርቃት እንዲያሟሉ እንዴት መሠራት እንደሚገባቸው ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ሰው ቤቱን የሚሠራው ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየአቅሙ እያከታተለ ነው። በመጀመሪያ ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ የሚባለውን ትንሽ ቤት ይሠራና ይገባበታል፤ ገንዘብ ሲያገኝ ትልቁን ቤት በፊት ለፊት ያቆማል፤ ሰርቪሱም ያን ጊዜ ወጥ ቤት ይሆናል። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በኢሬቻ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ከአዲስ አበባም ከገጠርም የሚመጣው ዘመድ የሚሰበሰበው በዚህ ዓይነት ግቢ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በራስዎ ግቢ አንድ ቀላል ምርመራ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። በመጀመሪያ የሳሎኑን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ቀለም የተቀባ፣ በመጋረጃ ያጌጠ ሆኖ ያገኙታል። ቀጥሎ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደው የጣራውን ማገር ይመልከቱ፤ ጥቀርሻ የለበሰ ሆኖ ያገኙታል። በማገሩ ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ከአየሩ ላይ የቀረው ትራፊ ነው። የቀረው ወዴት እንደ ሄደ በዚያ ቤት ውስጥ የምትጋግረው እናት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንና አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ በሳላቸው ይናገራሉ።

ጢሱ በቤት ውስጥ የቀረበት ምክንያት

አባቶቻችን ስለ ጢስ ምንም አያውቁም ነበር ማለት ስሕተት ነው። አቅም ባለው ሰው ግቢ አዳራሹና እልፍኙ ለብቻ፣ ማድ ቤቱም ለብቻ ይሠራ ነበር። ምድጃው በመኖሪያው ውስጥ በሚሆንበት በድኻው የሣር ቤት እንኳ፣ ጢሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ቀስ በቀስ ይወጣ ነበር። ይህም ከጉዳት ፈጽሞ ባያድን መውጫ ይሰጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ መጣ፤ ሊሾ ወለል መጣ፤ ብሎኬትና ኮርኒስ ተከተሉ። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ዝናብንና አይጥን ይከላከላሉ፤ ለመጥረግም ይመቻሉ። ነገር ግን ቤቱ ሲለወጥ እሳቱ አልተለወጠም። ሦስቱ ጉልቻ እንደ ጥንቱ ነው፤ ባሕር ዛፉና ኩበቱም እንደ ጥንቱ ነው። ቆርቆሮ እንደ ሣር ጢስ አያሳልፍም፤ በኮርኒስ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ከቶ አያሳልፍም። ስለዚህ ዘመናዊ የሆነው ቤት፣ ጭስ ማውጫ ካልተደረገለት፣ ከጥንቱ የሣር ቤት የባሰ የጢስ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር በተማረበት ጊዜ፣ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ያለ ግድግዳ በአንድ ክፍል የተሠሩባቸውን ቤቶች ተመልክቷል። ምግብ የምታሰናዳው እናት ከእንግዶቿ ጋራ እየተጫወተች ስለምትሠራ አሠራሩ የሚያስቀና ነው። ዛሬ በእኛም ከተሞች ይህን ፕላን እየገለበጡ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን በዚያ አገር ምድጃው የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ነው፤ በላዩም ጢስና እንፋሎት እየሳበ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ ይደረግበታል። ፕላኑን ገልብጦ ምድጃውን ሳይለውጡ መቅረት ጢሱን ወደ ሳሎን መጋበዝ ነው። አለዚያም አዲሱ ወጥ ቤት ለጌጥ ተቀምጦ፣ እውነተኛው ሥራ መስኮት በሌለው የጓሮ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይቀጥላል። በብዙ ቤት የምናየውም ይህንኑ ነው።

ጢስ የሚያደርሰው ጉዳት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣው የተበከለ አየር ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከእንጨት፣ ከኩበትና ከከሰል የሚወጣው ጢስ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ብናኞች ይዟል። እነዚህ ብናኞች በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይገቱ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራሉ። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በዐዋቂዎች ላይ የማይለቅ ሳል፣ የልብ በሽታ፣ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም የደም ሥር መዘጋት፣ የሳንባ ካንሰርና የዓይን ሞራ ያመጣሉ።

በድግስ ጊዜ ጉዳቱ የሚበረታበትን ምክንያት በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። ለ40 ሰው 100 እንጀራ ይበቃል ብንል፣ አንዱን እንጀራ ጋግሮ ለማውጣት 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ጋጋሪዋ 300 ደቂቃ፣ ማለት 5 ሰዓት ሙሉ በእሳቱ ፊት ትቆያለች። የሽንኩርቱ ማቁላላትና የወጡ መብሰል በዚህ ላይ ይታከላል። እንግዳው ግን የሚቀመጠው ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም በንጹሑ ክፍል ውስጥ። በበዓል ቀን በቤቱ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እጅግ የከፋውን አየር የምትተነፍሰው ምግቡን ያሰናዳችው ሴት ናት።

ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ

ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ስለሆኑ ሌሊታቸው ብርዳም ነው፤ የሱሉልታ ብርድ በተለይ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ክፍሉን እንዲያሞቅ ብሎ በውስጥ መተው የተለመደ ሆኗል።

በሥራዬ ካጋጠሙኝ ነገሮች አንዱን ልግለጽ። በገና ዕለት ማታ በሱሉልታ አንድ ቤተሰብ ከሦስተኛው ቡና በኋላ ምድጃውን በሳሎን ትቶ፣ ብርድ እንዳይገባ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፍኖ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያቲቱን ራሳቸውን አመማቸው፤ ሁለቱ ልጆች አስመለሳቸው፤ አንድ ጎልማሳ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ሁሉም «የበላነው ምግብ ነው» አሉ፤ የተወቀሰውም ዶሮ ወጡ ነበር። ወጡን የሠራችው እናት በጓሮ ዕቃ ስታጥብ አምሽታ በመጨረሻ ገባችና ነገሩን ባየች ጊዜ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ልጆቹን ወደ ውጭ አወጣች። ሳታውቀው ያዳነቻቸው ይህ አድራጎቷ ነው። በሽተኞቹ ወደ ሕክምና ሲመጡ ትኩሳትም ተቅማጥም አልነበራቸውም፤ አራቱም የታመሙት በአንድ ጊዜና በአንድ ክፍል ነበር። «ምድጃው የት ነበር?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ዳኑ። እናቲቱ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቤተ ዘመዱን በምግብ የመረዘች መስሏት ስታለቅስ ነበር።

ይህ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። የሚወጣውም እሳት በቂ አየር ሳያገኝ በሚነድበት ጊዜ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በበለጠ ኀይል ስለሚይዝ፣ ሰው አየር እየተነፈሰ አካሉ ኦክሲጅን ያጣል። በከፍታ ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከ4 እጅ 3ቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መርዙ የሚቀንስብን ከጥቂቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ካለቀ ጉዳት የለውም» ይላል። ይህ እምነት የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ስሕተት ነው። የሚታየው ጢስ ቢያልቅም የማይታየው መርዝ ፍሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ መውጣቱን አያቋርጥም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ከቶ አይገባም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስና የጉልበት መክዳት በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ከታየ፣ በሽተኞቹን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ በርና መስኮቱን መክፈት፣ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ

ምድጃ ባይኖርም እንኳ የሰው ትንፋሽ ራሱ አየሩን ይለውጠዋል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ሳሎን 43 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። በዚህ ውስጥ 20 ሰው ቢቀመጥ፣ አንዱ ሰው በሰዓት ወደ 18 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በሩና መስኮቱ ፈጽሞ ቢዘጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ የዚህ አየር መጠን ከውጭው ከ20 እጥፍ ያላነሰ ይሆናል። እንቅልፍና ራስ ምታት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን፣ የአንዱ ትንፋሽ በሌላው ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው። ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሳል ያለበት ሰው ቢኖር፣ ሳንባ ነቀርሳም ሆነ ጉንፋን ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ሕፃናት በቀላሉ ይተላለፋል።

ወጥ ቤቱ እንዴት ይሠራ

1ኛ፤ የጢሱን ወጥ ቤት ከንጹሑ መለየት። በእንጨት ወይም በከሰል የሚሠራው ሥራ፣ በተለይ መጋገሩ፣ ከመኖሪያው በተለየ ቤት ይሁን። ከመሥራት በፊት በግቢው ውስጥ ጥቂት እሳት አንድዶ ጢሱ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ በተለያየ ሰዓት መመልከት ይበጃል፤ ወጥ ቤቱም ነፋሱ ጢሱን ከሳሎኑ በሚያርቅበት በኩል ይቁም። በመካከላቸው በቆርቆሮ የተሸፈነ መተላለፊያ ቢደረግ፣ በክረምት ዝናብ ሴቶች በጭቃ ላይ ትኩስ ድስት ይዘው ከመመላለስ ይድናሉ።

2ኛ፤ ጭስ ማውጫ። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጭስ ማውጫ ሥራም በዚህ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። ቧንቧው በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ሆኖ ከጣራው ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝናብ እንዳይገባበት ክዳን ይደረግለት፤ የጋለው ብረት የጣራውን እንጨት እንዳይነካ ክፍተት ይተውለት። ከትልልቅ በዓላት በፊትም ጥቀርሻው ይጠረግ።

3ኛ፤ መስኮት። የመስኮቶቹ ስፋት ከወለሉ ስፋት ከ10 እጅ 1 እጅ እንዳያንስ። 9 ካሬ ሜትር ለሆነ ወጥ ቤት 0.9 ካሬ ሜትር መስኮት ማለት ነው። ሁለቱ መስኮቶች ፊት ለፊት ይሁኑ፤ በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ክፍል አፍ እንጂ አፍንጫ የሌለው ያህል ነውና። ከጣራው ሥርም ክፍተት ይተው።

4ኛ፤ ምድጃውን ማሻሻል። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን የተዘጋጀው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ ከጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከሰል ይቆጥባል። የማገዶ ማነስ ግን ብቻውን ከጢስ ስለማያድን ጭስ ማውጫው አይቅር።

5ኛ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በኤሌክትሪክ መጋገር ጢስን ከሥሩ ያስቀራል። ነገር ግን 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከአምፖልና ከቴሌቪዥን ጋራ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ቢሰካ ሽቦው ግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ቆጣሪ ማቋረጫና የመሬት መስመር በባለሙያ ይዘርጋለት።

6ኛ፤ የምድጃው ከፍታ። ምድጃ ከመሬት ተነሥቶ በመደብ ላይ እስከ ወገብ ቢደርስ፣ የጋጋሪዋ ወገብ አይታመምም፤ አመዱም በምግቡ ላይ አይበንም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚድኸው ሕፃን እሳት ውስጥ አይወድቅም። በበዓል ቀን ግቢው በልጆች ስለሚሞላ በወጥ ቤቱ በር ላይ አጭር መዝጊያ ማድረግ ይገባል። ልጅ ቢቃጠል ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እንጂ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ቡና መቀባት ቁስሉን ያበላሻል።

7ኛ፤ የሥጋና የጥሬ ዕቃ ቦታ። ቅርጫ የሚገባ ቤተሰብ ለጥሬ ሥጋ የተለየ ጣውላና ቢላዋ ይያዝ፤ በዚያው ጣውላ ላይ ሰላጣና ቲማቲም አይከተፍ። ኮሶ የሚተላለፈው ሳይበስል በሚበላ የከብት ሥጋ ነው፤ ሥጋውን በደንብ ማብሰል ከዚህ በሽታ ያድናል። የሚታጠበው ዕቃ በአንድ በኩል፣ የታጠበው በሌላ በኩል እንዲሆን መደርደሪያው ይለይ።

መሰብሰቢያው ክፍል እንዴት ይሁን

በሳሎኑም ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት መስኮቶች ያስፈልጋሉ። ሶፋውን አስጠግቶ መስኮቱን መዝጋት፣ በወፍራም መጋረጃም መሸፈን አየሩን መከልከል ነው። እንግዳ በተሰበሰበ ጊዜ ቢያንስ ጥቂት ገርበብ ይበሉ፤ ብርዱን በጋቢ መከላከል ይቻላል፤ የታፈነ አየርን ግን በጋቢ መከላከል አይቻልም።

የቡናው ቦታ በበረንዳ ወይም በተከፈተ መስኮት አጠገብ ይሁን። ቡናው የሚቆላውና ከሰሉ የሚቀጣጠለው በውጭ ይሁን፤ በረካው እንዳለቀም ምድጃው ይውጣ። የቡናው ሥርዓት አንዳችም አይጎድልበትም፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እንዳለ ነው።

በበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ከነሳሙናው ይኑር። ውሃ በማይደርስበት ሰዓት ቧንቧ ያለው ጀሪካን በመቀመጫ ላይ ማቆም ይበቃል። በአንድ ማስታጠቢያ ሳህን በተጠራቀመ ውሃ ሁሉም እጁን ከመንከር፣ ከላይ በሚፈስ ውሃ ለ20 ሴኮንድ በሳሙና መታጠብ ይገባል። ከአንድ መሶብ ለሚበላ ሕዝብ የአንዱ እጅ ንጽሕና የሁሉም ጤና ነው።

በሳሎኑና በንጹሑ ወጥ ቤት መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ቢወጣ፣ ሳህኑም ጨዋታውም በዚያ ያልፋል። የምታቀርበው ሴት የአያቶችን ተረትና የዘመዶችን ወሬ ሳይቀርባት ትሠራለች።

ከየት እንጀምር

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ይሠራ አንልም። ያለ ገንዘብ የሚሠራ አለ፤ ከሰልን ከተዘጋ ክፍል ማውጣት፣ መስኮትን መክፈት፣ ሕፃንን ከጢስ ማራቅ፣ እጅን መታጠብ። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ አለ፤ የተሻሻለ ምድጃ፣ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ፣ የልጆች መዝጊያ። ብዙ ወጪ የሚጠይቅም አለ፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አዲስ ወጥ ቤት፣ አዲስ መስኮት። ለመጪው በዓል ሶፋ ለመለወጥ የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ሰው፣ በመጀመሪያ የወጥ ቤቱን ጭስ ማውጫ እንዲያሠራ እንመክራለን። ሶፋውን እንግዳው ለአንድ ቀን ያየዋል፤ የወጥ ቤቱን አየር ግን ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የቤትና የአካባቢ ንጽሕና ከዋናዎቹ ትምህርቶች መካከል ነው። ይሁን እንጂ የጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞሮ የማይጨርሰውን መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያዳርሰው ይችላል። መምህራን ተማሪዎቻችሁ የቤታቸውን መስኮቶች እንዲለኩ፣ የወለሉን ስፋት እንዲያሰሉ፣ ከ10 እጅ 1 እጅ መሆኑን እንዲያመሳክሩ ብታዙ፣ ሒሳብም ጤናም ባንድነት ይማራሉ፤ ውጤቱንም ወደ ቤታቸው ይወስዱታል።

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ማዕዱ በተባረከ ጊዜ፣ ያሰናዳችው እናት በጓሮ እየሳለች ከቀረች ግብዣው ጎደሎ ነው። ዓይኗ ሳያነባ፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ መጥታ ከልጆቿ መካከል እንድትቀመጥ ያደረገ ቤት ግን በእውነት የታደሰ ቤት ነው። እንቦሳ እሰሩ ልንለው የሚገባንም እንዲህ ያለውን ቤት ነው።